«ኳሱን ነው የነካሁት»

ደጀን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ስለ ፍትሕ እንዳያወራኝ። ቀልዴን አይደለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀምጠናል፤ ግማሻችን አርሰናል፣ ግማሻችን ማንቸስተር። መብራት እንዳይጠፋ በየልባችን እየለመንን ነው። አንዱ ተጫዋች እግሩን ደረት ድረስ አንስቶ ሌላውን በታኬታው ይለዋል። ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

«ቀይ ነው!»

«ምኑ ነው ቀይ? ኳሱን እኮ ነው የነካው!»

በሳምንቱ ያው ነገር በሌላ ማሊያ ይመጣል። ባለፈው «ቀይ ነው» ብሎ ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸው ልጅ አሁን «ኳሱን ነው የነካው» ይላል። ባለፈው ኳሱን ብቻ ያየው ደግሞ ዛሬ የሚታየው ታኬታው ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፦ «ዳኞች ወጥነት የላቸውም።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ነው ዛሬ መጣላት የፈለግኩት። ዳኞች ይሳሳታሉ፤ እሱን አልክድም። ግን «ወጥነት» ብለን የምንጮኸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወጥነት አይደለም። «ያኔ እኔ ላይ ተሳስተሃልና አሁን እሱም ላይ ተሳሳት» ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ሰው ያስጎዳል። ማን እንዳስጎዳ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ጎጂው ሩቅ አይደለምና።

መጀመሪያ ከሁላችንም ቁስል ልጀምር። ጥር 13 ቀን 2005። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተው ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደርጋሉ፤ ተጋጣሚያቸው ደግሞ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ናት። እኔ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነኝ። ሳላዲን ሰይድ ሪጎሬ ስቶ ገና እጃችን ከራሳችን ላይ ሳይወርድ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ፣ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተላተመ። ቀይ ካርድ። ቤቱ በእንባና በስድብ ተሞላ። «ሸጡን!» ያላለ አልነበረም። እኔም ብያለሁ። በአሥር ሰው ተጫውተን፣ አንድ ገብቶብን፣ አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ደግሞ መንገድ ላይ ወጥተን ጨፈርን፤ ዳኛውን ያሸነፍነው ነበር የመሰለን።

ከዓመታት በኋላ ምስሉን መልሼ አየሁት። ድምፁን አጥፍቼ፣ ማሊያውን ረስቼ። ቀይ ነው። ምንም የሚያከራክር የለውም። ጀማል ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ቡድኑን ለማዳን ነፍሱን ጥሎ የወጣ በረኛ ነው። ግን የሙሉ ሰው ክብደት በዚያ ፍጥነት ከእግር ጋር ሰው ላይ ሲመጣ፣ የመጣበት ምክንያት አጥንት አይጠግንም። እስከዛሬ «የተበደልነው ቀይ» እያሉ የሚያወሩ ጓደኞች አሉኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ የዛምቢያ በረኛ ሳላዲን ላይ እንደዚያ ቢወጣ ምን ትሉ ነበር? መልስ የለም። ወሬ ይቀየራል።

እሺ፣ ሕጉ ምን ይላል? ብዙዎቻችን ሳናነበው የምንማማልበት ነገር የጨዋታው ሕግ 12ኛ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ «ከወገብ በላይ» የሚል የለም። «ከትከሻ በላይ»ም የለም። ሴንቲሜትር የሚባል ነገር የለም። «ኳሱን ከነካ ነጻ ነው» የሚልም የለም። «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል ድሮ ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1995 ለእርግጫ፣ ለጠለፋና ለመሰል ጥፋቶች ከመለኪያነት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ተጫዋቹ ጥንቃቄ አጉድሏል? ቅጣት ምት፣ በቃ። በተጋጣሚው ላይ የሚመጣውን አደጋ ከቁብ አልቆጠረውም? ቢጫ። ከልክ ያለፈ ኃይል ተጠቅሟል ወይም የተጋጣሚውን ደኅንነት አደጋ ላይ ጥሏል? ቀይ። እግሩን አንስቶ ማንንም ሳይነካ ሌላውን ከኳሱ ካሸሸ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ከነካ ቀጥተኛ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ የተጫዋቹ ልብ ውስጥ ያለው ነገር የትም አልተጠየቀም። «አስቦበት አይደለም» የሚለው ክርክራችን ከ1995 ጀምሮ ሜዳው ላይ ሥራ የለውም። እኛ ግን እኔ ሳልወለድ የተሻረውን ሕግ ይዘን ዛሬም እንሟገታለን።

«ታዲያ ለምን ቁጥር አያደርጉለትም?» የሚል አለ። እኔም ብዬ ነበር። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የሙያ ልክፍት ሆኖብኝ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ኮድ ልጽፍለት ሞከርኩ። እግር ከወገብ በላይ ከሆነና ሰው ከነካ፣ ቀይ። አንዲት መስመር። ደስ አለኝ። ከዚያ መፈተሽ ጀመርኩ። ተከላካዩ አጎንብሶ በጭንቅላቱ ሊመታ መጣ፤ የአጥቂው ታኬታ ከወገብ በታች ሆኖ ጥርሱን አወለቀው። ኮዴ «ምንም የለም» አለ። አጥቂው በመቀስ ምት ግሩም ጎል አገባ፤ ከኋላው የደረሰ ሰው ትከሻ ጫማውን ጭረት አደረገው። ኮዴ ቀይ አወጣ። ፍጥነት ጨመርኩ። ርቀት ጨመርኩ። የእግሩ መታጠፍና መዘርጋት፣ ጫማው በጎኑ ነው በሶሉ ነው የመጣው፣ ተጋጣሚው ይታየው ነበር ወይስ ከጀርባው ነበር? ሊነጋጋ ሲል ኮዱ አርባ መስመር ሆኗል፤ በየመስመሩም አንዳንድ ቁጥር አለ። ቁጥሮቹን ከየት አመጣኋቸው? ከራሴ። ዳኝነቱን አላጠፋሁትም፤ ቁጥር ውስጥ ደበቅኩት እንጂ። ያውም የእኔን ዳኝነት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቡና ጠጥቼ።

ስለዚህ ሕጉ ቁጥር የሌለው ጸሐፊዎቹ ስለሰነፉ አይደለም። አደጋ በሜትር አይለካም። ዳኛ የምናቆመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወጥነት ልምጣ፤ እናንተም «እነዚያስ?» ልትሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2009፣ ሳዲዮ ማኔ ማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ላይ ከኋላ የተላከለትን ኳስ አየር ላይ ሊይዝ እግሩን አነሳ፤ በረኛው ኤደርሰን በጭንቅላቱ መጣ። ፊቱ ተተረተረ፣ በቃሬዛ ወጣ። ቀይ ካርድ፣ የሦስት ጨዋታ ቅጣት፤ ሊቨርፑል 5 ለ 0 ተሸነፈ። በማግስቱ፣ ጳጉሜን 5፣ የኒውካስሉ ማት ሪቺ የስዋንሲውን አልፊ ማውሰንን በተመሳሳይ ከፍ ባለ እግር አገኘው። ቢጫ። ዓመቱ ሲያልቅ የሊቨርፑል ደጋፊ እንቁጣጣሽን በንዴት ተቀበለ። «በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕግ!» ተባለ።

እውነት ነው፣ ሁለቱ ውሳኔዎች አይገጥሙም። ግን ክርክራችን ወዴት እንደሄደ አስታውሱ። «ሪቺ ቢጫ ካገኘ የማኔም ቢጫ መሆን ነበረበት» ነበር ያልነው። ለምን በዚያ በኩል? «የማኔ ቀይ ከሆነ የሪቺም ቀይ ነው፤ ስዋንሲ ላይ የነበረው ዳኛ ነው የተሳሳተው» ለምን አላልንም? ሁለቱም መንገዶች እኩል ወጥ ናቸው። አንደኛው ግን ቡድናችንን ይጠቅማል፣ ሁለተኛው የተመታውን ሰው ፊት ይጠብቃል። የመረጥነው የቱን እንደሆነ እናውቃለን።

ሥራ ቦታ ብሆን ይሄን በአጭሩ እናገረዋለሁ፦ ሁሌም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ወጥ ነው። ማንም ግን አይከፍልበትም። ባግ አንድ ቦታ ስለተገኘ በሌላውም ቦታ እንድገመው የሚል ሠራተኛ ቢመጣ በማግስቱ አይደገምም።

ከሁሉም የባሰውን ሐምሌ 4 ቀን 2002 አይተነዋል፤ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጆሃንስበርግ። የሆላንዱ ናይጀል ደ ዮንግ ታኬታውን የስፔኑ ዣቢ አሎንሶ ደረት ላይ ተከለው። ሃዋርድ ዌብ ቢጫ አወጣ። በኋላ ዌብ ራሱ እይታው በከፊል ተከልሎበት እንደነበር፣ በደንብ አይቶት ቢሆን ቀይ እንደሚሆን ተናግሯል። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደረት የመታ ሁሉ «ደ ዮንግ ቢጫ ነበር» እያለ ቢከራከር፣ ወጥነት ሊባል ነው? በዓለም ትልቁ ጨዋታ ላይ የተሠራ ስሕተት ለሁላችንም የመብት ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ስለ ሌሎች ለማውራት ይሄን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ወደ ኋላ ገፋሁት።

2010፣ ክረምት። ባሕር ዳር የምንማረውም፣ ሌላ ቦታ የሚማሩትም ለእረፍት ደጀን ገብተናል። የሰፈር ለሰፈር ውድድር አለ። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ከዓባይ በረሃ በኩል ጉሙ ሲወጣ ተቃራኒው ጎል አይታይም። ትከሻዬ ድረስ የሚመጣ ኳስ አየሁና እግሬን አነሳሁ። ከጎኔ የታች ሰፈር ልጅ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የሚሆን፣ ቀጭን፣ ፈጣን። በጭንቅላቱ መጣ። የጫማዬ ሶል ግራ ዓይኑ ሥር፣ ጉንጩ አጥንት ላይ አረፈ። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ዳኛችን የአካባቢው አስተማሪ ነበሩ። ቢጫ አወጡ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? በቢጫው ተናደድኩ። ልጁ ጭቃው ላይ ተኝቶ፣ ደሙ በጣቶቹ መሐል እየወረደ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ «ቲቸር፣ ኳሱን ነው የነካሁት!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጓደኞቼም ከበቧቸው። «ኳሱን ነው፣ ኳሱን ነው!» እውነትም ኳሱን ነክቼው ነበር። መጀመሪያ ኳሱን፣ ከዚያ ልጁን።

በሳምንቱ ከሌላ ሰፈር ጋር ስንጫወት አንድ ተከላካይ እግሩን ወገቡ ድረስ አንስቶ ጓደኛችንን ክንዱን ጫር አደረገው። እኚሁ አስተማሪ ቀይ አወጡ። እኛ ምን አልን? «ጎበዝ ዳኛ!» አጨበጨብን። የተባረረው ልጅ «ባለፈው ለዚያኛው ቢጫ ሰጥተው ለእኔ ቀይ?» እያለ ሲወጣ ሳቅንበት። እኔም ስቄያለሁ፤ «ባለፈው» ያለው እኔን ሆኖ ሳለ።

የታች ሰፈሩን ልጅ ዓይን ለማሳየት ቤተሰቦቹ ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። ሲመለስ ልጠይቀው ሄድኩ፤ ብርቱካን ይዤ። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። «ጨዋታ ነው ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ከላይ የመጣ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከላይ የመጣው እግሬ ነው። ልጁ ዛሬ አድጓል፣ ባጃጅ ይነዳል። ግራ ዓይኑ ግን አሁንም እንደ ጉም ነው የሚያሳየው። እኔ አንድም ጨዋታ ሳልቀጣ ውድድሩን ጨረስኩ።

አምናና ካቻምና ይሄ ነገር እያብሰለሰለኝ፣ አገር ቤት ስገባ አስተማሪውን ፈልጌ ጠየቅኳቸው። «ቲቸር፣ ያኔ ለምን ቢጫ ሰጡኝ?»

ትንሽ ዝም ብለው፣ «ካርዱን ሳወጣ ደሙን አላየሁትም። ሳየው ደግሞ አንዴ ወጥቷል፤ ከበባችሁኝ፤ መመለሱን ፈራሁ» አሉ።

«የሚቀጥለው ሳምንት ቀይስ?»

«እሱማ» አሉና ሳቅ አሉ፣ «እሱ ያንተው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ‹ፈሪ ዳኛ› ሲለኝ ከረመ። ማካካስ ፈለግኩ። ለዚያ ልጅ በዛበት።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። «ወጥነት የለዎትም» ብለን የጮህንባቸው ሰውዬ ወጥነት ያጡት በጩኸታችን ነው። ሕጉ፣ ጨዋታው እስኪቀጥል ድረስ ዳኛ ውሳኔውን መቀየር እንደሚችል ይፈቅዳል። እሳቸው ቢጫውን መልሰው ቀይ ማውጣት ይችሉ ነበር። ያስቆማቸው የሕግ ክፍተት ሳይሆን የእኔና የጓደኞቼ ከበባ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ልጅ በእኔ ጥፋት ተባረረ። አንድ ስሕተት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም የእኛ እጅ አለበት።

«ያ የሰፈር ጨዋታ ነው፣ ትልቁ ሊግ ሌላ ነው» እንዳትሉኝ። ሚያዝያ 2010 ላይ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ወልዋሎ አዲግራትና መከላከያ ሲጫወቱ ዳኛ ሜዳ መሐል ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ እስከመቋረጥ ደርሷል። ከዚያ የሰፈር ሜዳችን የሚለየው በመጠን ነው። እኛ አልመታንም፤ ከበብን እንጂ። ከባቢ ባይኖር ግን መቺ አይደፍርም። ባምላክ ተሰማን ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ያስመረጠች አገር ናት ይቺ። ሊዲያ ታፈሰ በ2021 የወንዶቹ ቻን ላይ ታንዛኒያንና ናሚቢያን በፊሽካዋ መርታለች። ውጪ ሲሄዱ እንኮራባቸዋለን፤ አገር ውስጥ ፊሽካ የያዘውን ልጅ ግን እናቱን ጠርተን እንሰድባለን። ነገ ባምላክ የሚሆነው እሱ አይደለም እንዴ?

«ቫር ይፈታዋል» የሚሉም አሉ። ቫር ቀይ ካርድ የሚያየው ግልጽ ስሕተት ሲኖር ነው፤ እዚያም ቢሆን ስክሪኑ ፊት የሚቆመው ሰው ነው። ደግሞም የራሱ ደንብ ቀስ ብሎ የሚሄደው ምስል የት ተነካ የሚለውን ለማየት፣ የምቱ ኃይል ግን በመደበኛ ፍጥነት እንዲመዘን ይላል። እኛ ስልካችን ላይ ምስሉን አቁመን፣ ታኬታው ጉንጭ ላይ ያለበትን ቅጽበት ቆርጠን እንለጥፋለን። በቆመ ምስል ሁሉም እግር ነፍሰ ገዳይ ይመስላል። የእኛም ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ በዲኤስቲቪ ስለታየ፣ አሁን ተመልካቹ ከዳኛው የበለጠ ያያል። የበለጠ ማየት ግን የተሻለ መፍረድ አልሆነም። ደጀን ሜዳ ላይ ደግሞ ቫርም የለም፤ ያለን አንድ አስተማሪና አንድ ፊሽካ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይሉ ነበር። በቅሎ ያህል ነገር በፍርድ ሲሄድ ሰው ይችለዋል። ፍርዱ ምን ተብሎ እንደተፈረደ በአደባባይ ሰምቷላ። ድሮ ዋርካ ሥር ተጠየቅ ሲባል ሕዝቡ ቆሞ የሚሰማው የማን በቅሎ እንደሄደች ብቻ አልነበረም፤ ለምን እንደሄደች ነው። የጎደለን ይሄ «ለምን» ነው። ሎግ የማይጽፍ ሲስተም ሲበላሽ ማንም አይጠግነውም፤ ሁሉም ይገምታል፣ ግምቱም ወደ ሴራ ይሄዳል። «ሸጡን» የሚለው ቃል የሚወለደው እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ለደ ዮንግ ቢጫ የሰጠው ያው ሃዋርድ ዌብ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ዳኞች አለቃ ሆኖ፣ ከ2023 ወዲህ የዳኞቹን የሜዳ ድምፅ በቴሌቪዥን እያሰማ «እዚህ ልክ ነን፣ እዚህ ተሳስተናል» እያለ ያብራራል። ጭቅጭቁ አልቆመም። ግን ቢያንስ ስለ ምክንያት መጨቃጨቅ ተቻለ። እኛ ጋ የዳኛው ሪፖርት ይጻፋል፣ ለእኛ ለተመልካቾች ግን አይደርስም። ከሊጉ ኩባንያና ከፌዴሬሽኑ የምንጠይቀው ይሄን መሆን አለበት፦ አወዛጋቢ ለሆነ ቀይ ካርድ ሁለት መስመር ምክንያት፣ በአማርኛ፣ በማግስቱ። ለሰፈር ውድድርም ገንዘብ አይጠይቅም። ዳኛው ከጨዋታ በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ «እግር አንስቶ ፊት ያገኘ ይወጣል፤ ኳሱን ቢነካም» ይበል። ካርድ ሲያወጣም ምክንያቱን ጮክ ብሎ ይናገር። ያን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት የምናነጻጽረው ካርዱን ከካርድ ጋር ሳይሆን ምክንያቱን ከምክንያት ጋር ይሆናል። ወጥነት ማለት እሱ ነው።

ከእኛ የሚጠየቀው ደግሞ ከዚህ ይቀላል፣ ይከብዳልም። አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ማሊያውን መገልበጥ።

ባለፈው ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ያ ባለ ባጃጅ ልጅ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጦ ነበር። የለየለት የማንቸስተር ደጋፊ ነው። የእነሱ ተከላካይ እግሩን አንስቶ የሌላውን አንገት ጫር አደረገው። እነዚያ ሁሉ ቀይ ማሊያ የለበሱት «ኳሱን ነው!» ብለው ተነሱ። እሱ ቁጭ እንዳለ «ቀይ ነው» አለ። አጠገቡ ያለው ልጅ ዞሮ አፈጠጠበት።

«አንተ፣ የእኛ ተጫዋች እኮ ነው!»

«የማንም ይሁን፣» አለ ስክሪኑን በቀኝ ዓይኑ እያየ፣ «እግር እኮ ነው።»